እስቲ ላሽተው

ሰሞኑን ጅማ ላይ የሰላምታ ሥርዓት ተገልብጧል። ድሮ ጎረቤት «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ፣ በርጩማ ተስቦለት፣ ዝናቡን አማርሮ፣ ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ በኋላ ነበር ወደ ጓዳ የሚያማትረው። አሁን የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ «ጠላ ጠነሰሱ እንዴ እትዬ? እስቲ ላሽተው!» ይልና የእንስራውን ክዳን ያነሳል። አፍንጫውን ያስገባል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ከዚያ «ገና ነው» ብሎ ይፈርዳል። ትናንት የተጠነሰሰ ነገር ገና መሆኑን ለማወቅ እኮ ቀን መቁጠር ይበቃ ነበር።

ጥንስስና ጽንስ ስማቸው የተቀራረበው በከንቱ አይመስልም፤ ሁለቱም በየሰዓቱ ሲገለጡ አይወዱም። እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ ይበጠበጥና 2 ወይም 3 ቀን ይቀመጣል። ውሃው የቧንቧ ከሆነ ፈልቶ ይቀዝቅዝ፤ ክሎሪን የገባው ተሕዋስ ሊገድል ነው፣ ለእሱ ደግሞ እርሾም ያው ተሕዋስ ነው። ቀጥሎ 1 ኪሎ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል። ቂጣው ከምጣድ ወርዶ በደንብ ይብረድ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እርሾው ይዝላል፣ 50 ላይ አብቅቶለታል። ጥንስሱ አልነሳ ሲል «ቡዳ በላብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ትኩስ ቂጣ ነው።

ይህን ሁሉ በቁጥር የሚናገር ባለሙያ ግን ከየት ይገኛል? «ትንሽ ጌሾ፣ ትንሽ ብቅል፣ ሌላው በዓይን ነው።» በማን ዓይን? የባለሙያዋ ዓይን 30 ዓመት ጠላ ያየ ነው፤ የጠያቂዋ ዓይን ትናንት ነው ጌሾን ከጫት የለየው። ይህ ትሕትና አይምሰላችሁ፤ ሙያ መደበቅ ነው፣ ያውም የለየለት። ልኩ እኮ እንዲህ ነው፦ ለ1 እጅ ጌሾ 2 እጅ ብቅል፣ 6 እጅ እንኩሮ፣ ማለትም በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የተቆላ ዱቄት። ተናገርነው፤ ሰማይም አልተደፋ።

ብቅሉስ ቢሆን! ገብሱ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ተጠቅልሎ 3 ቀን ያህል ቆይቶ ሲያቆጠቁጥ ይሰጣል። ጅማ ላይ ደግሞ ፀሐይ ጠዋት ታይታ ከሰዓት ትጠፋለች። በደንብ ያልደረቀው ይሻግታል፤ የሻገተው ታሽቶ፣ ተነፍቶ ሄርማታ ገበያ ላይ ከደህናው ጋር ይደባለቃል። ማሽተት የሚወድ ሰው አፍንጫውን እዚያ ይዞ ቢሄድ ምን ነበረበት? እርጥብ ጆንያ ጆንያ ካለ ይለፈው።

ሌላው ደግሞ ጠላው ጠንከር እንዲል ጌሾ ላይ ጌሾ የሚጨምረው ነው። ጌሾ ያመራል እንጂ አያሰክርም! የሚያሰክረው ብቅሉ ከእህሉ ያወጣው ስኳር ነው፤ ስኳሩን በልቶ አልኮል የሚያደርገው ደግሞ እርሾው ነው። ጠንካራ ጠላ የፈለገ ጥንስሱን ያብዛ፣ ውሃውን ይቀንስ፣ እንኩሮውን ደግሞ በአንዴ ሳይሆን 2 እና 3 ጊዜ ከፋፍሎ ይጨምር። ጥቂት እርሾ ላይ ጋን ሙሉ እህል መገልበጥ አንድ በሬ አሥር ጥማድ እንዲያርስ ማዘዝ ነው፤ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ጠላው ጣፋጭ ሙቅ ሆኖ ይቀራል።

«ለጌሾ ወቀጣ ማንም ሰው አልመጣ፣ ለመጠጡ ጊዜ ከየጎሬው ወጣ» ያለው ሰው ይባረክ። ሙቀጫው አጠገብ ያለውን ማስነጠስ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን ምሬት የቀመሰ ነው። ተረቱ የጎደለው አንድ ስንኝ ብቻ ነው፦ በመሃል ሊያሸት የሚመጣውን አላነሳም። ቀሪቦ የሚባለውን የገብስ መጠጥ የሚያዘጋጁ ጎረቤቶቻችን ከዚህ ጣጣ ተገላግለዋል። ገብሱን አጥቁረው ይቆላሉ፣ ያፈላሉ፣ ያጠላሉ፤ ሲበርድ ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨምረው ያሳድሩታል። ነገ ይጠጣል። አሽታች በምን ሰዓት ይድረስበት?

እንዲያው ለፍርድ ያህል፣ ክዳን ገላጩ አንድ ማምለጫ አለው። በመጀመሪያው ቀን ጥንስሱ ነፋስ ቢያገኝ እርሾው ይራባል፤ ማማሰልም ይጠቅመዋል። እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ ከሆነ በኋላ ግን የገባው ነፋስ ኮምጣጤ ነው የሚወልደው፤ ከላይም ነጭ ሻጋታ ያለብሰዋል። አሽታቹ ታዲያ አብዝቶ የሚመጣው በሁለተኛው ወቅት ነው።

ደግሞ ማሽተት አያስፈልግም። ጆሮን እንስራው ላይ ለጠፍ ማድረግ ነው፤ ውስጡ እንደ ሩቅ ዝናብ ከተንሾካሾከ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ወይ ጨርሷል ወይ በርዶታል፣ ወደ ምድጃው ጠጋ ይደረግ። ይህን ለጎረቤት ማስተማሩ ግን ያሰጋል፤ ጆሮ ለመለጠፍ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ ከተቀመጠ ደግሞ ቡና ሳይፈላለት አይሄድም።