ሽፒልማንን ያዳነው ሙዚቃ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ተራኪ የ«ዘ ፒያኒስት»ን መጨረሻ ሲያብራራ ሰማሁ። ፊልሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተደብቆ የተረፈውን ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ፒያኖ ተጫዋች የሽፒልማንን እውነተኛ ታሪክ ያሳያል። ትርጉሙ ሙዚቃ ጦርነትን አሸነፈ ነው አለ። ይባስ ብሎ ሽፒልማን ፒያኖ ባይችል ኖሮ ጀርመናዊው መኮንን ይገድለው ነበር ሲል ደመደመ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ፊልሙን እንደገና ክፈቱት። መኮንኑ በፈራረሰችው ዋርሶ ባዶ ቤት ውስጥ የተደበቀውን ሰው አገኘው። አልተኮሰም። ማን እንደሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ፒያኖው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእውነተኛው ታሪክም መኮንኑ፣ ካፒቴን ቪልም ሆዘንፌልድ፣ ያዳነው ሽፒልማንን ብቻ አይደለም። ሊዮን ዋርም የሚባል አይሁዳዊ የናዚዎች የግድያ ካምፕ ወደነበረው ትሬብሊንካ ከሚሄድ ባቡር አምልጦ ነበር። ሆዘንፌልድ በሐሰተኛ ወረቀት ሥራ ሰጠው። እሱስ የሾፓንን ሙዚቃ ተጫውቶለት ነው የዳነው? የሽፒልማን አባት እኮ ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። ማን አዳናቸው? ሙዚቃ አዳነው ካልን፣ መጫወት የማይችለው ሰው መዳን አይገባውም ነበር እያልን ነው። ይሄ ለሟቾቹ ስድብ ነው።

ሽፒልማን ከጦርነቱ በኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ተመልሶ ሲጫወት እኔም አልቅሻለሁ፤ አልክድም። የፊልሙ መጨረሻ ግን ያለው ስም ላይ ነው። ሲለያዩ መኮንኑ የሽፒልማንን ስም ይጠይቃል፤ በሬዲዮ ሊሰማው። ሽፒልማን ግን የእሱን ስም አልጠየቀም። ዳቦ ያመጣለትን ሰው! የለበሰውን ካፖርት አውልቆ የሰጠውን ሰው! ያ ካፖርት ደግሞ ሊያስገድለው ነበር። ዋርሶን ነፃ ያወጡት ወታደሮች ጀርመናዊ መስሏቸው ተኮሱበት። ለምን እንደለበሰው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ በርዶኛል።

ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን በሶቪየት የምርኮኞች ካምፕ፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ ያለው መኮንኑ ነው። በዚያ የሚያልፍ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች፣ የሽፒልማን ጓደኛ፣ ምርኮኞቹን ይሰድባል። መኮንኑ ተነስቶ ይለምነዋል፦ ሽፒልማንን ታውቀዋለህ? እዚህ እንዳለሁ ንገረው፣ ይርዳኝ። ስምህ ማነው ሲባል ይጮሃል፤ ጠባቂው ይጎትተዋል፤ ስሙ በደንብ አይሰማም። ተራኪያችን ይህን ትዕይንት በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘለለው። ፊልሙን በሙሉ የተሸከመውን ትዕይንት!

ሰው ያስጠጋ ሰው ራሱ የሚጠጋበት አጣ። መጨረሻው ይሄ ነው። የለበሰው የናዚ መለዮ ነበር የሚል ይኖራል። ይሁን፤ መለዮው የሰጠውን ዳቦ አይሽረውም። ሽፒልማን በእውነተኛ ሕይወቱ የመኮንኑን ስም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሊያስፈታው ሞከረ፤ አልሆነም። ሆዘንፌልድ በ1952 በሶቪየት እጅ ምርኮኛ እንደሆነ ሞተ። ሽፒልማን እስከ 2000 ኖረ፤ 88 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ የመኮንኑን ስም በግልጽ የሚነግረን በመዝጊያው ጽሑፍ ነው፤ ለሚያነበው ሰው።

ፊልሙን ከሚዘጋው ኮንሰርት በፊት ያለችውን ትዕይንት ልብ በሉልኝ። ሽፒልማንና ቫዮሊን ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ቆመዋል። ካምፑ የለም፤ አጥሩም ተነስቷል። ጓደኛው እዚህ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ ይለዋል። ሽፒልማን ባዶውን ሜዳ ያያል።