ጥቅምት ላይ ባዶ የሚሆነው ሒሳብ

የእህቴ ልጅ ከደላንታ መጥቶ ኮምቦልቻ ምሕንድስና መማር የጀመረ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ የባንክ ሒሳቡ ውስጥ የነበረው 40 ብር ነው። አባቱ ምስር ዘርቶ ነበር። ምስሩም አምሮ ነበር፤ ግን ገና ማሳ ላይ ነው። ተወቅቶ፣ ወገልጤና ገበያ ወጥቶ፣ ብር ሆኖ ልጁ እጅ እስኪገባ ታኅሣሥ ይደርሳል። ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒውና የታክሲው ግን ታኅሣሥን አይጠብቁም።

ልጁ ስልኩን አስይዞ 1,000 ብር ተበደረ፤ በወሩ 1,300 ሊመልስ። አራጣ ነው፤ ሕግ የሚከለክለው አራጣ። እኔ የሰማሁት ስልኩ ከተያዘ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ጋሼ፣ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ ይህንን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

ልጁ የድሃ ድሃ ልጅ አልነበረም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ሁለት ወር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ የሚጠሩት ክረምቱ ወጥቶ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ የገበሬው ጎተራ በተራቆተበት ወቅት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ፣ ቱሉ አውሊያ ያለው መቅደላ አምባ፣ ከየትም አገር የተመደበ የገበሬ ልጅ የሚገባባቸው ሁሉ ይህ ክፍተት አለባቸው። ባንኮቹ ግን በየግቢው ቅርንጫፍ ከፍተው ለተማሪ የሚሰጡት ደብተርና ካርድ ብቻ ነው። ማስቀመጥ ይችላል፤ የሚያስቀምጠው ባጣበት ወር ግን ባንኩ አያውቀውም። ይህንን ክፍተት ባንኮቹ በትንሽ፣ ወለድ በሌለው የተማሪ ብድር ይሙሉት ነው የምለው።

በእንግሊዝ አገር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተማሪ ሒሳብ ይከፍታል። ከሒሳቡ ጋር ኦቨርድራፍት የሚሉት አለ፤ ሒሳቡ ዜሮ ሲደርስ ባንኩ አስቀድሞ እስከተስማማበት ጣሪያ ድረስ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። በትምህርት ላይ እስካለ ድረስ በዚያ ጣሪያ ውስጥ ወለድ አይከፍልም፤ ጣሪያውም ዓመት በዓመት ከፍ ሊል ይችላል። እዚያው አገር ተራ ደንበኛ በዚሁ መንገድ ቢበደር፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙዎቹ ባንኮች ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ዓመታዊ ወለድ ያስከፍሉታል። ልዩነቱ ያን ያህል ነው። ባንኩ ይህንን የሚያደርገው የዛሬው ተማሪ የነገ ደመወዝተኛ መሆኑን አስልቶ ነው፤ እኔ በዚህ ስሌት ቅር አልሰኝም።

እኛ አገርም ኦቨርድራፍት አለ። ከባንክ የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ነጋዴ ነው፤ ያውም ቤት ወይም ሌላ ንብረት የሚያስይዝ። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር «እንደኪሴ» የሚል አገልግሎት ጀምሯል፤ ሲከፍሉ የጎደለውን ይሞላል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። ስሙ ደስ ይላል። ሆኖም ለማንኛውም ደንበኛ የተዘጋጀ እንጂ የተማሪን የትምህርት ዘመንና የገበሬን የመኸር ወቅት አይቶ የተሰፋ አይደለም።

ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሒሳቡ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ኋላ ላይ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ስህተት ነው፤ መመለሱም ግድ ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ግን እነዚያ ልጆች ከባንክ መበደር ምን እንደሚመስል፣ ጣሪያ፣ ቀጠሮ፣ ፊርማ ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ማንም አሳይቷቸው አለማወቁ ነው። ከሒሳብ በላይ ማውጣትን የተማሩት በብልሽት ሌሊት ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ አንድ ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። ከተማሪውና ከወላጁ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ወለድ ያለበትን ብር አይነካም። ይህ እንቅፋት ይመስላል እንጂ መንገዱን የሚያቀና ነው። ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸው ባንኮች አሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው። ቀርድ ሐሰን ማለት የተበደሩትን ያህል ብቻ የሚመልሱት ብድር ነው፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ለክርስቲያኑም ቢሆን።

ማስያዣው ከየት ይመጣል ለሚለኝ መልሴ ቅርብ ነው። ከግቢ ካፌ የማይመገቡት፣ ነን ካፌ የምንላቸው ተማሪዎች፣ የምግባቸው ብር በየወሩ ባንክ ይገባላቸዋል። የቀኑ ተመን በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል፤ በወር 3,000 ብር ማለት ነው። በዚያው ሒሳብ የሚገባ ብር እያለ ባንክ 1,500 ብር ቢያስቀድም የሚያሰጋው ነገር ትንሽ ነው። ካፌ ለሚበላው ደግሞ አባት ወይም እናት ይፈርሙ፤ እህል ሲሸጥ ይከፈል። ከጥቅምት ተከፍቶ ጥር ላይ ይዘጋ።

ጣሪያው ዝቅ ይበል የምለው በምክንያት ነው። እንግሊዞቹ ዘንድ የሚነገረው ችግር ልጆቹ ጣሪያውን የራሳቸው ብር አድርገው መቁጠራቸው ነው፤ ሲመረቁ ከወለድ ነፃው ጊዜ ያልቅና ዕዳው አፍጥጦ ይቀራል። የእኛ ተመራቂ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ለጫማና ለስልክ የወጣ ዕዳ መጫን አይገባም። 10,000 ብር ይሰጣቸው የሚል ባንክ ቢመጣ እኔ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እሆናለሁ።

የእህቴን ልጅ ያወጣችው በግቢው በር አጠገብ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ብሩን ሰጥታው ስልኩን አስመለሰ፤ ሳሙናና ደብተርም በዱቤ ሰጠችው። ታኅሣሥ ላይ አባትየው ከደላንታ ሲመጡ አብሬያቸው ሄድኩ። ደብተሯን ገልጣ ቀኑንና ዕቃውን አንድ በአንድ አነበበችልን። ጨመር አድርገው ሊሰጧት ሲሉ «የጻፍኩት ይበቃኛል አባቴ፤ ልጁን አውቀዋለሁ» ብላ መለሰችላቸው።

ተማሪ በየዓመቱ ሲመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የባንኩም ወረቀት በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በአማርኛና ተማሪው በሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ተጽፎ ይቅረብለት፤ ጣሪያው፣ የመመለሻው ቀን፣ ባይመለስ የሚሆነው፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ።