ውዳሴ ለጆሮ ዘበኞቻችን

አንድን ሰው «ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ሁሉንም እሰማለሁ» ይላችሁና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። «የምትጠላውስ?» ያላችሁት እንደሆነ ግን ወንበሩን ይስባል፣ የቡና ስኒውን ያስቀምጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ንግግር መግቢያ፣ ማስረጃና የውሳኔ ሐሳብ ያለው ነው። ብዙ ሰው ስለ ትዳሩ እንኳ እንዲህ ተዘጋጅቶ አይናገርም። ስለዚህ ይህ ዓምድ የሚገባቸውን ምስጋና ሳያገኙ ለኖሩት ለእነዚህ ሰዎች፣ እኛ በከንቱ እንዳንደሰት ሌት ተቀን ለሚጠብቁን የጆሮ ዘበኞች ተሰጥቷል።

ከሁሉ በፊት ትጋታቸው ይደነቅ። ዘፈን የሚወድ ሰው ዘፈኑን ከፍቶ ምግቡን ያበስላል፤ ልቡ ሽንኩርቱ ላይ ነው። ዘፈን የሚጠላ ሰው ግን ሥራ ፈትቶ፣ ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል። በማሽን የተቃና ድምፅ እንደሚያሳብደው የሚናገር አንድ ወዳጄ የዘንድሮን ዘፈኖች ከነአዝማቻቸው በቃሉ ይወጣቸዋል። «ይህን ቆሻሻ እስኪ ስማው» ይልና እስከ መጨረሻው ያንጎራጉራል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አብራችሁት ስትሉ ብትሳሳቱ ያርማችኋል። ዘፋኙ እንዲህ ያለ አድማጭ እንዳለው ቢያውቅ በደስታ ያለቅስ ነበር።

የሚያሳዝነው እነዚህ የተከበሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። ሙዚቃን መጥላት ተገቢ እንደሆነ ሁሉም ያምናሉ፤ ጠባቸው የትኛው ይቀድማል በሚለው ላይ ነው። አንዱ ራፕ ነው ይላል፤ ሰው በምት እየተሳደበ ዘፈን ተባለ ብሎ ይገረማል። ሌላው ችክችካ ነው ይላል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር እስኪደርስ ሹፌሩ ያንኑ ምት አሰምቶት አእምሮው እንደ ደነዘዘ ያስረዳል። የደነዘዘ አእምሮ መሆኑን ማመኑ በራሱ ታላቅነት ነው። ሬጌን የሚጠላው ደግሞ ስለ ሙዚቃው አንዲት ቃል ሳይናገር ስለ ጢስ ብዙ ይናገራል። አራተኛው ኦፔራን ያነሣል፤ ሰምተኸው ታውቃለህ ወይ ሲሉት ማስታወቂያ ላይ በጨረፍታ የሰማው እንደሚበቃው ይናገራል። አምስተኛዋ ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጣ ስታበቃ «ኦርጋን!» ትላለች። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ኦርጋንን የሚያህል ነገር ረስተው በራፕ ሲጨቃጨቁ በማምሸታቸው ሁሉም ያፍራሉ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ «እኔ ራፕ እወዳለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ በይቅርታ ይታለፋል፤ ወጣት ነው፣ ይማራል። «ራፕ ያን ያህል አይከፋም፣ ከችክችካ ይሻላል» ያለ ግን ወዳጅ ያጣል። ሰው የሚወደውን ሲነቅፉበት ይታገሣል። የሚጠላውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያወርዱበት ነው ክብሩ የሚነካው።

ይህን ጠብ በጥናት ለመዳኘት የሞከሩ አልጠፉም። ከሶቪየት ኅብረት ተሰድደው አሜሪካ የገቡት ሠዓሊዎች ቪታሊ ኮማርና አሌክሳንደር ሜላሚድ፣ ከሙዚቃ ደራሲው ዴቭ ሶልጀር ጋር ሆነው፣ ሕዝቡ በሙዚቃ ውስጥ የሚወደውንና የሚጠላውን በመጠይቅ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጠላውን ሁሉ በአንድ ድስት ጨምረው ማንም የማይፈልገውን ዘፈን አወጡ። ዘፈኑ ከ20 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ባግፓይፕ አለው፤ አኮርዲዮን አለው፤ የኦፔራ ድምፅ ያላት ዘፋኝ ስለ ከብት ጠባቂዎች ራፕ ታደርጋለች፤ የሕፃናት መዘምራን ስለ በዓላት ሲዘምሩ ቆይተው ገበያ ውጡ ብለው ይጮኻሉ። በጎን ደግሞ ሁሉም የሚፈልገውን ዘፈን ሠሩ፤ ለስለስ ያለ፣ አጠር ያለ የፍቅር ዘፈን። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዘበኞቻችን ቅስም ሰባሪ ነው። ተፈላጊውን ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ የተጠላውን ግን ሰዎች እየሳቁ፣ እየተጠራሩ ይሰሙታል። መጠይቁ ውስጥ «ይህን የምትጠላው ብቻህን ስትሆን ነው ወይስ ሰው ሲያይህ?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር ኖሮ ይህ ውርደት ባልደረሰ።

ለነገሩ ይህን ጥያቄ አሳምረው የመለሱ ሰው ነበሩ። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤተኒ ብራይሰን የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የተካሄደውን አገር አቀፍ መጠይቅ መርምረው አንድ ደስ የማይል ጽሑፍ አሳትመዋል። የተማሩ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ይታገሣሉ ይላል ጽሑፉ፤ እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ትዕግሥታቸው የሚያልቅባቸው አራት አሉ፤ ራፕ፣ ሄቪ ሜታል፣ ካንትሪና ጎስፔል። አራቱን የሚያገናኛቸው ምት የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ዜማ የለም። የሚያገናኛቸው ብዙ ባልተማረ ሰው ዘንድ መወደዳቸው ነው። ይህ ጽሑፍ በዘበኞቻችን እጅ እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ዕድሜ ልካቸውን በጆሯቸው ሲያዳምጡ የኖሩ የመሰላቸው ሰዎች በዓይናቸው ያዳምጡ እንደ ነበር መስማት በዚህ ዕድሜ አይገባቸውም።

ከአራቱ ካንትሪን ለብቻው ውሰዱት። አሜሪካዊው ምሁር «ከካንትሪ በቀር ሁሉንም እሰማለሁ» የሚልበት ይህ ሙዚቃ አዲስ አበባ ሲገባ ከረባት አሰረ። በካሴቱ ዘመን ኬኒ ሮጀርስን የሚሰማ ሰው እኛ ዘንድ የሠለጠነ፣ እንግሊዝኛ የገባው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። ዘፈኑ ያው ነው፣ ጊታሩም ያው ነው። የገጠር ሰው ዘፈን ነው ብሎ የነገረን ስላልነበረ በሰላም ወደድነው። የራሳችን ገጠሬ ማሲንቆውን ይዞ ቢመጣ ግን ወዲያው እናውቀዋለን፤ ለዚያ መጠይቅ አያስፈልገንም።

በቆራጥነት ረገድ ግን የቺካጎ ዘበኞችን የሚያህል እስካሁን አልተወለደም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1979 ስቲቭ ዳል የተባለ የሬዲዮ አስተዋዋቂ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ማጥፊያ ምሽት አዘጋጀ። የሚጠላውን ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ይገባል ተባለ። ሕዝቡ ጎረፈ። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ሸክላዎቹ መሐል ሜዳ ላይ በፈንጂ ተበተኑ፤ ተመልካቹ አጥሩን ዘልሎ ሜዳውን ወረረው፤ ሣሩ ነደደ፤ 39 ሰዎች ታሰሩ። ሜዳው ለጨዋታ የማይሆን ሆኖ በመገኘቱም የከተማው ቡድን ዋይት ሶክስ ሁለተኛውን ግጥሚያ በፎርፌ ተሸነፈ። ዲስኮን ለማሸነፍ የገዛ ቡድናቸውን አስሸነፉ። መሥዋዕትነት ካላችሁ ይኸው።

በዚያ ምሽት በስታዲየሙ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የተባለ ጥቁር ወጣት፣ ሰዎች ካመጧቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ እንዳልነበሩ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። ጥቁር ዘፋኞች የሠሯቸው ነበሩ፤ ያ ብቻ። ይህን ስሕተት የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ዘበኛ ብዬ አደንቃለሁ፤ ዘበኛ በር ላይ የሚያየው መታወቂያ እንጂ ዘፈን አይደለም። ልጁ ደግሞ ውለታ መላሽ ሆነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው ከተማ ሃውስ የተባለውን ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ከጀመሩት አንዱ ሆኖ፣ ከዲስኮ ፍርስራሽ የተሠራ አዲስ የሚጠላ ነገር ለዓለም አበረከተ።

እኛ ፈንጂ አላስፈለገንም። አዝማሪን ለሠርጋችን እየጠራን፣ እስከ ንጋት እያስዘፈንን፣ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን፣ ልጃችንን እንዳንድርለት ግን ስንጠነቀቅ የኖርን ጨዋ ሕዝብ ነን። ሸክላ መጥቶ ነገሩ ሲረቅም ዘበኛው በመንግሥት ተሾመ። ሸክላ ማሳተምም ሆነ ከውጭ ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በብቸኝነት የተሰጠ መብት ነበር፤ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ እስኪያቋቁም ድረስ። ዛሬ «የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ» እያልን እጃችንን ደረታችን ላይ የምናደርግለት ከዚህ ድፍረት የወጣው ነው። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሱሪውን አስፍቶ መድረክ ላይ የሚወራጨውን የዚያን ዘመን ዘፋኝ ያዩ የጊዜው አዛውንት ደረታቸው ላይ ሳይሆን ጆሯቸው ላይ ነበር እጃቸውን ያደረጉት።

ለትዕግሥታቸውም ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና አሜሪካ ተምረው ቫይብራፎናቸውን ይዘው ሲመለሱና ኢትዮ ጃዝን ሲቀምሩ ዘበኞቻችን አልተቻኮሉም። ዘፈን የሌለው ዘፈን ነው ብለው ዝም ብለው አቆዩት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ አልበም አራተኛ ቅጽ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ በተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ፊልም ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ጃዝን ከጡት ጋር ያልጠባ ሰው ማግኘት አይቻልም።

ኦርጋንም ገና አልዳነም። «ኦርጋን ሙዚቃችንን ገደለው» የሚለውን ክስ ያልሰማ የለም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን እንዳሽመደመዳቸው፣ ሙዚቀኛው እንደተሰደደ፣ ዐሥር ሰው ከነጥሩምባው ከመቅጠር አንድ ሰው ከነኦርጋኑ መቅጠር እንደሚረክስ የክሱ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ኦርጋን ጥፋተኛ ነው፤ መሣሪያ ስለሆነ ይግባኝ አይልም።

ኦርጋን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ብቻ በምን እንደሚፈርዱባቸው እንጃ። ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። የዘበኞቻችን የክስ ዝርዝር ተገልብጦ የተሠራ ይመስላል፤ አኮርዲዮኑማ ከአሜሪካኖቹም መዝገብ ውስጥ አለ። ከዚያ ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ ኖሩ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንኑ ካሴት ዳግመኛ አሳትሞት የውጭ ጋዜጦች ሲያደንቁት፣ ሰውየው በስተርጅና ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሻንጣውን አቅፎ፣ «ጋሼ፣ ኦርጋን እኮ ነው ሙዚቃችንን የገደለው» ያላቸው ተሳፋሪ ያገሬ ልጅ አይጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሒሳቡን ከፍሎ ከወረደ ይበቃል።

የዘበኞቹን ፈተና ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆናል። ፈተናው የሠርግ ቀን ነው። ችክችካው ይጀመራል፤ ችክችካን አጥብቆ የሚጠላው ሰው ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፤ ትከሻው ከባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥራ ይጀምራል። እስክስታውን እየወረደ ሳለ ግን ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ «ለሙሽሮቹ ብዬ ነው» ማለቱን አይዘነጋም። ላቡ በሸሚዙ ወጥቶ እንኳ ዓላማውን አይስትም።

ተተኪም አላጡም። በቅርቡ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የዛሬ ታዳጊዎች የሚሰሙት ጩኸት እንጂ ሙዚቃ እንዳልሆነ በሐዘን ሲያስረዳኝ ሰማሁ። «በእኛ ጊዜ ዘፈን ነበር» አለኝ። በእነርሱ ጊዜ የነበረው ዘፈን ጩኸት እንደሆነ የነገሩኝ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።

እንግዲህ ለእነዚህ ባለውለታዎች ጉባኤ ይዘጋጅላቸው የሚል ሐሳብ አለኝ። በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ በተጠሊነት አንደኛ የሚወጣውን የሙዚቃ ዓይነት በድምፅ ብልጫ ይለዩልንና እኛም እንረፍ። የቸገረኝ ለሻይ ዕረፍት የሚከፈተው ሙዚቃ ነበር። ትዝታን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ ስለማላውቅ ትዝታ ይሁን ብዬ ከዘበኞቹ አንዱን አማከርሁ። «መልካም» አለኝ፤ «ማን የተጫወተው?» ስሙን ነገርሁት። ፊቱን አጨማደደ። «በክራር ነው በኦርጋን?» ሲል ጠየቀኝ። አላስታውስም አልሁት። በጉባኤው እንደማይገኝ እዚያው አሳወቀኝ። ድምፁን ግን በውክልና መላክ እንደሚፈልግና ለሦስት የሙዚቃ ዓይነቶች መስጠት ይፈቀድ እንደሆነ አጣርቼ እንድነግረው ጠየቀኝ።