መርፌው ፋታ ይሰጣል፤ በፋታው ምን እንሥራ?

«እሱማ መድኃኒት ወስዶ ነው እኮ!»

ክብደት የቀነሰ ሰው ስሙ በተነሣ ቁጥር ይህቺ ነገር ከጎን ጣል ትደረጋለች። የደም ግፊት መድኃኒት ስለሚወስድ ሰው እንዲህ አንልም። አስም ያለበትን «እስቲ መድኃኒቱን ተውና በራስህ ጥረት ተንፍስ» የሚለውም የለም። ነገሩ ውፍረት ሲሆን ግን ሁላችንም ዳኛ ነን። ሰውዬው ካልቀነሰ ሆዱን መግታት ያቃተው ነው። ከቀነሰ ደግሞ በአቋራጭ የሄደ ነው። እንግዲህ ምን ያድርግ?

በሌላው ጥግ የክብደት መቀነሻው መርፌ ሁሉንም ነገር ይጨርስልኛል የሚል አለ። ይወጋል፣ ይጠብቃል። ሚዛኑ እንዳሰበው ቶሎ ካልወረደለት መጠኑ እንዲጨመርለት ይጨቀጭቃል። ከወረደለት ደግሞ «በቃ፣ ጨረስኩ» ብሎ ያቆማል።

ሁለቱም አንድ ነገር ስተዋል ባይ ነኝ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሰጡት ፋታ ነው። ከረሃብ ፋታ፣ ምሳ ሳይበላ ስለ ራት ከማሰብ ፋታ፣ ከራስ ጋር ከሚደረግ የማያልቅ ንትርክ ፋታ። በዚያ ፋታ ውስጥ ምን ተሠራ የሚለው ነው በኋላ ሰውን ከሰው የሚለየው።

የማወራው በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ስለሚወጉት ስለ ሴማግሉታይድ እና ስለ ቲርዜፓታይድ ነው። የመጀመሪያው ኦዜምፒክ እና ዊጎቪ፣ ሁለተኛው ሞንጃሮ እና ዜፕባውንድ በሚባሉ ስሞች ይሸጣሉ። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያደርጋል፣ የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፣ ለአንጎል ደግሞ «ጠግበናል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ግን ዕድሜው አጭር ነው። ደም ውስጥ በገባ በሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። ሴማግሉታይድ ይህንኑ ሥራ እየሠራ ግማሹ እስኪጠፋ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ቲርዜፓታይድ ጂአይፒ የሚባለውን ሌላ የአንጀት ሆርሞን ሥራም ይደርብበታል። በነገራችን ላይ የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም የሆነው ኤክሴናታይድ መነሻው ጊላ ሞንስተር የምትባል መርዘኛ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

«የውፍረት መድኃኒት» ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግግ ሰው ካለ አልፈርድበትም። ታሪኩ አያምርም። በ1930ዎቹ ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል ለመክሳት ይዋጥ ነበር፤ የዐይን ሞራ ያመጣ ነበር፣ ሰውም ገድሏል። ፌንፍሉራሚን የልብ ቫልቭ እያበላሸ መሆኑ ታውቆ በ1997 ከገበያ ወጣ። ሪሞናባንት አውሮፓ ውስጥ በ2006 ተፈቅዶ በ2008 ታገደ፤ ሰዎችን ለከባድ ድብርት እየዳረገ ነበር። ስለዚህ «እስቲ ልቆይና ልየው» ማለት ፍርሃት ብቻ አይደለም።

አዲሶቹን ከነዚያ የሚለየው ለልብ ያላቸው ውጤት ነው። በ2023 ይፋ የሆነው ሴሌክት የተባለው ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሁሉም ክብደታቸው ከልክ በላይ የሆነና የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ ስኳር ግን አልነበረባቸውም። ሴማግሉታይድ የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ እና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በድምሩ በ20 በመቶ ቀነሰ። ይህ ለቁመና ተብሎ የሚወሰድ ነገር ውጤት አይደለም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

በ2021 የታተመው የሴማግሉታይድ ዋና ጥናት 1,961 ሰዎችን ለ68 ሳምንታት ተከታተለ። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ቀነሱ። ባዶ መርፌ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት፣ የተወጉት 2.4 በመቶ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ወሬውም የተነሣው ከዚህ ነው። እስቲ እናካፍለው። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ቀነሰ እንበል። ለ68 ሲካፈል በሳምንት 220 ግራም ገደማ ይመጣል። አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያህል ማለት ነው። ተአምር የተባለው መድኃኒት እንኳ በሳምንት ይህችን ነው የሚሠራው። እና «በወር 10 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ምን እንደምታስቡ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሌላም የሚዘለል ነገር አለ። ሁለቱም ቡድኖች፣ ባዶ መርፌ የተወጉትም ጭምር፣ ከሚያስፈልጋቸው በቀን 500 ካሎሪ ቀንሰው እንዲበሉና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በባለሙያ ይመከሩ ነበር። ያ 14.9 የመርፌ ብቻ ቁጥር አይደለም። የመርፌና የልማድ ድምር ነው።

የመድኃኒቱ አሰጣጥ ራሱ አዝጋሚ ነው። የዊጎቪ መርፌ በ0.25 ሚሊ ግራም ይጀመራል። አራት ሳምንት እዚያው ይቆያል። ከዚያ 0.5፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 1.7፤ ሙሉው 2.4 ላይ የሚደረሰው ከ16 ሳምንት በኋላ ነው። የመጀመሪያው መጠን ብዙም ለማክሳት የታሰበ አይደለም። ሆድ እንዲለምደው ነው። ማቅለሽለሹ፣ ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ ድርቀቱ በአብዛኛው የሚብሰው መጠኑ ከፍ ባለ ሰሞን ነው። ደረጃውን ዘልሎ የወጣ ሰው በሳምንቱ ሲያስመልስ ከርሞ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ለእሱ የማይሆነው መድኃኒቱ ይሁን ጥድፊያው ሳይታወቅ ይቀራል። በትንሽ መጠን ጥሩ ውጤት እያየ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ላይ ለመውጣት የሚቸኩልበት ምክንያት አይገባኝም። ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ይህን ሁሉ ስል ግን ዝግታን ራሱን እንደ መድኃኒት እያቀረብኩ አይደለም። «ቶሎ የቀነሰ ቶሎ ይመለሳል፣ ቀስ ብሎ የቀነሰ አይመለስም» የሚባለው እንደሚወራው ጽኑ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ 200 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኖት ነበር። ግማሾቹ በ12 ሳምንት፣ ግማሾቹ በ36 ሳምንት እንዲቀንሱ ተደረገ። ሦስት ዓመት ገደማ ተጠብቆ ሲታይ ሁለቱም ቡድኖች ከቀነሱት ወደ 71 በመቶ የሚሆነውን መልሰው ጨምረዋል። ልዩነት የለም። ቀስ ማለት የሚጠቅመው ጊዜ ስለሚሰጥ ነው። ጊዜውን ካልተጠቀሙበት ግን ያው ነው።

ለምን እንደሚመለስ ደግሞ ሰውነት የራሱ ምክንያት አለው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመረ። ሰውነታቸው ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ጉልበት በመጠናቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውነታቸው ስድስት ዓመት ሙሉ አልረሳም። ይህን ካወቁ በኋላ «ፍላጎት ስላጣህ ነው» ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

መድኃኒቱ ሲቆምም ያው ነው። ከላይ ባልኩት የሴማግሉታይድ ዋና ጥናት ከተሳተፉት የተወሰኑት መርፌውንም ምክሩንም ካቆሙ በኋላ አንድ ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨመሩ። የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ተለሳልሶ አይመለስም። ለዚህ ነው «መቼ ነው የማቆመው? ወይስ አላቆምም?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መጠየቅ ያለበት። ለብዙዎች መልሱ «ለረጅም ጊዜ» ነው። አቅሙ፣ አቅርቦቱ፣ የሰውነት መቻል ሁሉ አብሮ ይታሰብበት።

እንግዲህ ፋታውን ምን እናድርግበት?

መጀመሪያ ጡንቻ። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው። ሚዛን ላይ የወረደው ሁሉ ስብ አይደለም። በዚያው የሴማግሉታይድ ጥናት 140 ሰዎች ላይ ሰውነታቸው ከምን እንደተሠራ በምስል ተለክቶ ነበር። ከጠፋው ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ነው፤ ጡንቻም እዚያ ውስጥ አለበት። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሦስት ጉርሻ በልቶ ይጠግባል። ሦስቱ ጉርሻ ዳቦና ጣፋጭ ከሆነ ጡንቻው ከየት ያምጣ? እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ባቄላውን፣ እርጎውን አስቀድሞ መብላት ቀላል ዘዴ ነው። ከዚያ አትክልቱ። ቦታ ከተረፈ ሌላው። ክብደት ማንሣትም ጂም ገብቶ መስተዋት ፊት መቆም ማለት አይደለም። ከወንበር ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ማንሣት ለጀማሪ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ150 ደቂቃው እንቅስቃሴ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር አድርጉ ይላል። ሰው የመጀመሪያዋን ይዞ ሁለተኛዋን ይረሳል።

ቀጥሎ የሚበላው ነገር ዓይነት። መድኃኒቱ መጠኑን ይቀንስላችኋል እንጂ አይመርጥላችሁም። በ2019 በአሜሪካ 20 ሰዎችን ሆስፒታል ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። የተቀነባበረው ላይ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ረሃቡ ጸጥ ባለበት ሰሞን ገበያ ሲወጣ የሚገዛውን ነገር መቀየር የሚቀለው ለዚህ ነው። የራበው ሰው ብስኩት ሲገዛ አይከራከርም።

ዕንቅልፍን ባጭሩ ልለፈው፦ ያልተኛ ሰው ይርበዋል፣ ጣፋጭም ያምረዋል።

ቁጥሩ ትልቅ ካልሆነ ዋጋ የለውም ብለው ተስፋ የሚቆርጡም አሉ። እነሱን በ2002 የታተመውን የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት አስታውሳቸዋለሁ። ከ3,200 በላይ ለስኳር የተቃረቡ ሰዎች ነበሩበት። የአኗኗር ለውጥ ቡድኑ ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የዋጡት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። ያኔ እነዚህ መርፌዎች ገና ገበያ ላይ አልነበሩም።

ለማን እንደማይሆን ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆናል። ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው አይወስድም። እርጉዝ አትወስድም፤ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። ቲርዜፓታይድ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ሊያዳክም ስለሚችል ስትጀምርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የኢንሱሊኑ መጠን ይታይለት። ወደ ጀርባ የሚዘልቅና የማይለቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ «ያልፍልኛል» ተብሎ አይታደርም። የሐሞት ጠጠርም ይከሰታል፣ በተለይ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ። በኢንተርኔት ከማይታወቅ ሻጭ መግዛትንማ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በሦስት አገሮች መገኘቱን አስታውቆ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምወቅሰው ካለ በሽተኛውን አይደለም። ማዘዣ ጽፎ «ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» ብሎ የሚያሰናብተውን አሠራር ነው። ጥናቶቹ ላይ ያ ሁሉ ውጤት የመጣው ሰዎቹ በየጊዜው እየተጠሩ፣ ስለ ምግባቸውና ስለ እንቅስቃሴያቸው እየተጠየቁ ነው። በቀጠሮው ቀን ሚዛን ላይ ቆሞ ቁጥር አስጽፎ መውጣት ክትትል አይባልም። ወገቡ ይለካ፣ ግፊቱ ይታይ። ሳምንቱን ምን እንደበላ፣ ፕሮቲን እንዳገኘ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ ይጠየቅ። ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ደረጃ መውጣት ቀለለው ወይስ ከበደው? ይህን የማይጠይቅ ሐኪም ካጋጠማችሁ እናንተው አንሡበት።