ሰባት ለአንድ

የጎጃም ሰዎች፣ ስሙን። ቦኖ የት ይተከል ሲባል «ከዚያ ማዶ ከሚቆም ጨርሶ ይቅር» የምትሉ እናንተ ናችሁ፤ ሴቶቻችሁ ጄሪካን አዝለው ከወንዝ ሲመላለሱ እያያችሁ። ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አመል ነው፤ አመሉም ተለክቷል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን በሥዕል ምርጫ ሰበብ ለሁለት ከፈላቸው። ክፍፍሉ በዕጣ ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ወገን እንጂ አብረውት የተመደቡት እነማን እንደሆኑ አያውቅም ነበር። ከዚያ ገንዘብ የሚሆን ነጥብ አካፍሉ አላቸው፤ ለራስ የሚቀር የለም። በአንዱ ወረቀት ጫፍ ለወገን 7 ለሌላው 1፣ መሐሉ ላይ 13 ለ13፣ በሌላው ጫፍ ለወገን 19 ለሌላው 25 ተጽፏል። ለወገኑ ጥቅም ያሰበ ቢሆን 19ኙን ባነሣ ነበር። እኩሉን የወደዱ አልጠፉም፤ ብዙዎቹ ግን ወደ 7ቱ በኩል አጋደሉ፤ ያኛው እንዳይበልጥ። ርስት አልተካፈሉ፣ ደም አልተቃቡ!

እናንተማ ደረጃም አላችሁ። ከሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ገዝታችሁ እንጀራ ትጋግራላችሁ፣ እሷን ቡዳ ብላችሁ ከደጅ ትመልሳላችሁ። ዝምታዋን ለሥርዓታችሁ ትክክልነት ማስረጃ አታድርጉት፤ ከታች ያለ ሰው የሚጎዳውን ሥርዓት ራሱ ትክክል ነው ብሎ ሊቀበል እንደሚችል የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ጆስትና ማህዛሪን ባናጂ እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈዋል።

የሙያ አጋራቸው ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ደግሞ የባሰ ነው። አሜሪካውያን ተማሪዎች «ፓርቲያችሁ ደግፎታል» ሲባሉ ከእምነታቸው የሚቃረን የድጎማ ረቂቅ ደገፉ፤ ሲጠየቁም ይዘቱን መዝነን ነው አሉ። ስለዚህ በእድራችሁ ሐሳቡ በወረቀት ይምጣ፤ ጸሐፊው ስም ሳይጠራ ያንብበው፤ ባለቤቱ ከድምፅ በኋላ ይታወቅ። ባለቤቱ ራሱ አያንብብ፣ አነጋገሩ ያሳብቅበታል።

በልተን ጠጥተን እንታረቃለን ትላላችሁ። ማዕድ ብቻውን አይበቃም። ሌላው ተመራማሪ ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ በውድድር አቃቃራቸው፤ አብረው ሲበሉ ምግቡን ተወራወሩበት። ያለዘባቸው የተቋረጠውን ውሃ አብረው መፈለጋቸው፣ የቆመውን መኪናም በጉተታ በተፋለሙበት በዚያው ገመድ መሳባቸው ነው፤ ያውም በአንድ ቀን አልሆነም፣ ሥራው ሲደጋገም እንጂ።

እንግዲህ ምንጭ ስታጎለብቱ ለአንዱ ጎጥ ጠዋቱን ለሌላው ከሰዓቱን አትመድቡ፤ ውድድር ይሆናል። ቆፋሪው ከማዶ፣ አፈር ዛቂው ከወዲህ ይሁን። የቀጥቃጩንም ልጅ ከመካከላችሁ አስገቡት እንጂ ዶማ እንዲሞርድላችሁ ዳር አታስቀምጡት።