ሁለት ጎልማሶች ወክ ሲወጡ

ጓደኛዬ ከ12 ዓመት በኋላ ከስቶክሆልም መጣ። ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ "ነገ ጠዋት ወክ እንውጣ" አለኝ።

"ወዴት?"

"ወዴትም። ዝም ብለን ከተማውን እንዙራ።"

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ወክ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ወክ ማለት የካምፓስ ልጆች አመሻሽ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ አንድ ጃኬት ለሁለት ደርበው፣ መብራት የሌለበትን መንገድ እየመረጡ የሚያደርጉት ነገር ነው። ፀጉራቸው የሸሸ ሁለት ወንዶች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በሥራ ቀን ወክ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ እምቢ አይባልም። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ። ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። "ወክ" ተብሎ አይጻፍ ነገር፣ "ማኅበራዊ ጉዳይ" ብዬ ጻፍኩበት።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ በር ተገናኘን። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። እዚያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለብሰው አለኝ። እጁ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አስሯል፤ በቀን 10 ሺህ እርምጃ ካልሞላ እንቅልፍ አይወስደውም። (ኋላ ሳነብ፣ ይህችን 10 ሺህ ያመጣት ሐኪም አይደለም ለካ። በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ኩባንያ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ሲያወጣ ስሙን "የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ" አለው። ይኸው ዓለም ሁሉ የነጋዴ ቁጥር እየሞላ ይተኛል።) ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከጊዮርጊስ ተነስተን፣ ሐይቁን ይዘን፣ ዘና ብለን እስከ አዲሱ የአባይ ድልድይ።

ተሳልመን ዞር ከማለታችን ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ያሉ እማማ መጡ። አንዱን ጉንጭ፣ ሌላውን ጉንጭ፣ ደግሞ እንደገና። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ እናትህስ እግሯን እንዴት አደረጋት። ጓደኛዬ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። 64 እርምጃ።

"ወዴት ናችሁ ልጆቼ?"

"ዝም ብለን ነው፣ እማማ።"

"ዝም ብሎ ምን ይኬዳል?" አሉና ጥቁሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩት። ድምፃቸው ወረደ። "ማን ነው?"

"ማን ምኑ?"

"የሞተው ነዋ!"

ማንም አልሞተም፣ ለመዝናናት ነው አልናቸው። መዝናናት! ይህ ነገር ከመርዶም በላይ አሳዘናቸው መሰለኝ። "እንግዲህ ያልተረዳ ሰው አለ ማለት ነው" ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ሲሄዱ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነበር።

ቀጥሎ ባጃጅ መጣ። ሹፌሩ ከአጠገባችን በእግራችን ልክ እየነዳ "ግቡ!" አለን።

"አይ፣ በእግራችን ነን።"

"የት ልታደርሳችሁ ነው?"

"የትም።"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ብር ከሌላችሁ እኮ ችግር የለም፤ ዝም ብላችሁ ግቡ" አለኝ። ይኼ ልጅ ይባረክ። ግን ደግሞ ጉዳችንን ተመልከቱ። ባሕር ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ቤዛዊት ኮረብታን ካልቆጠርን ወደ ላይ የሚያስተነፍስ ነገር የለም፤ ግራና ቀኝ ዘንባባ፣ ከበስተኋላ ሐይቅ፤ ለእግርና ለሳይክል የተሠራ ከተማ ነው። እኛ ግን ከቤት እስከ ዳቦ መግዣው በባጃጅ ነን። በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ቸግሮታል ወይ ሰው ሞቶበታል። ጓደኛዬ ሦስተኛ ምክንያት ይዞ መጣ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼው ነው።

ሐይቁ ዳር ደረስን። የባሕር ዳር ሰው ጣናን የሚያየው እንግዳ ሲመጣለት ነው። እኔም እንደ ደንቡ አስጎብኚ ሆንኩ።

"ጥልቀቱ ስንት ነው?" አለኝ።

"ወለል የለውም" አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህን ነው።

ስልኩን አወጣ። "14 ሜትር ገደማ ነው ይላል።"

"ለመስጠም ሁለት ሜትር ይበቃል" ብዬ አለፍኩት። ስፋቱን ሲጠይቀኝ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አልኩት፤ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። 37 ደሴት እንዳለውም ነገርኩት። "አንተ ስንቱን ረግጠሃል?" አለኝ። አንድ፣ አልኩ፤ ዘጌን፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜያለሁ። "ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ልሳነ ምድር ነው፤ በእግርም ይገባል" አለኝ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ በተወለድኩበት ሐይቅ ላይ፣ የረገጥኩት ደሴት ዜሮ መሆኑን ከስዊድን በመጣ ሰው ተረዳሁ።

ፈንጠር ብለው ፔሊካኖች ይንሳፈፋሉ። የትም ለመድረስ አይቸኩሉም፤ ወዴት ናችሁ የሚላቸውም የለም።

ዛፍ ሥር ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ጓደኛዬ ሽታው ሲጠራው፣ "ገዝተን እየጠጣን እንሂድ" አለ። ልጅቷ ቀዳችለት። ብሩን ሰጠ፣ ስኒውን ያዘ፣ መሄድ ጀመረ።

"ወንድም! ስኒዬን?"

"እየጠጣሁ ነው" አላት።

"እሱማ ይታየኛል። ስኒዬን ይዘህ ወዴት?"

እዚያ ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየሄደ እንደሚጠጣ ሊያስረዳት ሞከረ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው። በመጨረሻ በአዘኔታ "የሚቀመጥበት ቤት የለውም?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። በርጩማ ተሰጠን። አቦል ጠጣን። ልንነሳ ስንል "ቶና ሳትጠጡ?" ቶናውን ጠጣን። በረካውን ትቶ የሚሄድ ደግሞ በረከቱን ትቶ ሄደ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱ በየመሐሉ እየተንቀጠቀጠ "ተነስ፣ ተንቀሳቀስ" ይለው ነበር። በጊዮርጊስ፣ ሰዓትን እንዲህ የሚያዘው ማን እንደሆነ ባውቅ በረካ እጋብዘው ነበር።

ከዚያ ምሳ ደረሰ። አሳ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን። ሙሉውን፣ ጎኑ እየተተለተለ የተጠበሰ፣ ዳጣ ከጎኑ። ስለ ምሳው ብዙ አልናገርም፤ አጥንቱን እየለቀምን ዝም ብለን በላን። ጉድ የመጣው ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ወደ ኪሱ ገባ፤ እጁን ያዝኩት። "በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ እኔ ነኝ የምከፍል!"

"አፈር ስሆን! እንግዳ ሆነህ?"

እሱ በቀኝ እጁ ብሩን ያወጣል፣ እኔ የእጁን አንጓ ይዤ እመልሳለሁ። እሱ ወደ አስተናጋጁ ይወረውራል፣ እኔ ከአየር ላይ እቀልባለሁ። አስተናጋጁ ለምዶታል፤ ትሪውን ደረቱ ላይ ይዞ አሸናፊውን ይጠብቃል። በመጨረሻ እኔ ከፈልኩ። ጓደኛዬ እያለከለከ ሰዓቱን አየና ፊቱ በራ። ስንቀመጥ 2,100 የነበረው 2,900 ሆኗል። ቁጭ ባልንበት 800 እርምጃ ሄደናል።

ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት።

"ማን ሞቶ ነው የማትነግረኝ?"

ገና እሷን ሳላሳምን አለቃዬ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" የሚል መልእክት ላከ። ማኅበራዊ ጉዳይ ብዬ የለ።

ድልድዩ ጋ የደረስነው በዚያው ልጅ ባጃጅ ነው። አልዋሽም። ሲያየን ምንም አላለም፣ በሩን ከፈተ ብቻ። ግን ድልድዩን እንደ ምንም በእግራችን ተሻገርን። በ2016 ግንቦት የተመረቀው ነው፤ 380 ሜትር። ጥንዶች ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጆች ሳይክል ይነዳሉ፣ አሮጌው ድልድይ ከጎን ቆሞ ያያል። ከሥር አባይ ከጣና ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ስሙን የተሸከመ የማይመስል ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

"እዚያ ስትሄድ ወዴት ነህ የሚልህ አለ?" አልኩት።

"ኧረ የለም። ፊት ለፊቴ የሚኖር ሰውዬ አለ። ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ነው። ራሱን ይነቀንቅልኛል።"

"ስሙ ማን ነው?"

ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ፣ "እኚያ እማማ ግን የእናቴንም ስም አልረሱም አይደል?" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ ዛሬ ማታ ይተከል ወይስ ነገ ጠዋት?

ሲመሽ ባጃጇ ወደ ሰፈሬ ይዛን ተመለሰች። ሰዓቱ 9,300 ላይ ነበር፤ ጓደኛዬ "ለጥቂት!" እያለ ይበሳጫል። ከዚያ አስፋልቱ አለቀና ኮብልስቶኑ ጀመረ። ድንጋዩ የተነቃቀለበትን ቦታ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባጃጇ ዘለለች፣ እኛ ዘለልን፣ እጁ ዘለለ። 9,500። 9,700። ሹፌሩ ጉድጓድ ሊያመልጥ ሲል ጓደኛዬ "ግባበት! ግባበት!" ይለዋል።

በሬ ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸም። 10 ሺህ። ጓደኛዬ ከባጃጇ ወርዶ፣ ሁለት እጁን ሽቅብ ሰቅሎ፣ እንደ ሠርግ ቤት "እልልልል!" አለ።

አጥሬ ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት ስምንት ሴቶች ቀና ብለው አዩን።