ፓስወርዱ ሳይሳሳት ኪቦርዱ ሲሳሳት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 ካሳደጋችሁ በኋላ ፒኑን (ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምንጽፈውን አጭር የመግቢያ ኮድ) ትታችሁ ወደ ፓስወርድ ተመለሱ ይላል። እሺ፣ ግን እኔን ያንከራተተኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ መግባቱ ራሱ!

ፓስወርዴን ብጽፍ ብጽፍ «ትክክል አይደለም» ይለኛል። ሦስቴ፣ አራቴ። ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ ከሳጥኑ ጫፍ ያለችውን የዓይን ምልክት ጫን ሳደርጋት ጉዱ ወጣ። @ ብዬ የጻፍኩት " ሆኖ ቁጭ ብሏል። ለካ ኪቦርዱ ከአሜሪካው የፊደል አደራደር ወደ እንግሊዙ ዞሮ ኖሯል! የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ስፔስን መጫን ነው፣ አለቀ።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ስትሉ ፓስወርድ የሚለውን ካጣችሁት አትደንግጡ። እዚያው ገጽ ላይ የማይክሮሶፍት አካውንት ያለው ሰው በዊንዶውስ ሄሎ (በፒን፣ በፊት ወይም በጣት አሻራ መግቢያው) ብቻ ይግባ የሚል ማብሪያ አለ። እሱን አጥፉት፣ ገጹን ዘግታችሁ ክፈቱት።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር አልስማማም። ፒን አጭር ስለሆነ ደካማ ነው ብለዋል። ፒኑ የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የማይክሮሶፍቱን ፓስወርድ ያገኘ ሰው ግን ባለበት ሆኖ ኢሜይላችሁን ሊሞክር ይችላል። እህቴ ፒኗን ቀይራ «ፓስወርዴን ቀየርኩ» ብላ ወር ሙሉ ተኝታለች። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቀየሩት። እኔ ፒኑን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ፓስወርዱን ብቻ አስረዘምኩት።